የአባቴ ትከሻ የማን ነው?

ታላቅ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰፊ ሱቅ አለው፤ ምላሱ ግን ከሱቁ ይሰፋል። ዘንድሮም በአባታችን የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ አምበር አጠገብ ባለው በእናታችን ቤት፣ ጠላው አንድ ዙር ሳይዞር ጉሮሮውን ጠረገ። ምን እንደሚከተል አውቄ ጥርሴን ነከስኩ።

"አባቴ እኮ ያን የክረምት ሙላት በትከሻው ተሸክሞ ነው ያሻገረኝ! ውኃው አንገቱ ደርሶ፣ እኔ ፀጉሩን ጨብጬ..."

ይኼ የእኔ ትዝታ ነው። የእኔ! አባታችን የሞተው በልጅነቴ ነው፤ ፎቶው እንኳ አልተረፈም። ከእሱ የቀረኝ ያ ትከሻ ብቻ ነው። ከሥሬ የሚጮህ ድፍርስ ውኃ፣ ላብ ላብ የሚል አንገት፣ "ጠበቅ አድርገሽ ያዢ" የሚል ድምፅ። ወንድሜ መሬቱን ሲወስድ ዝም አልኩ። በሬዎቹን ሲወስድም ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ አባቴን?

"ውሸታም! ያሻገረው እኔን ነው!" አልኩት።

"አንቺን? ወንድ ልጁን ዳር አቁሞ ሴት ሊሸከም?" ብሎ ሳቀ። ጎረቤቱም አብሮ ሳቀ፤ ጠላውን የሚቀዳላቸው ወንድሜ ነዋ።

ሕክምና የምትማረው የወንድሜ ልጅ ልትዳኘን መሃል ገባች። "አክስቴ፣ ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ሁለት ቢሆነኝ ነው።"

"በዚያ ዕድሜ እኮ አንጎላችን ውስጥ ትዝታ የሚያስቀምጠው ክፍል ገና አልበሰለም። ሰው ሲያወራ ሰምተሽ ይሆናል።"

ወንድሜ ደረቱን ነፋ። ሳይተነፍስ ወደ እሱ ዞረች።

"አንተም አትኩራ፣ አባዬ። ሰው ባስታወሰ ቁጥር ትዝታውን እንደገና ነው የሚሠራው። ካቻምና ውኃው ወገቡ ድረስ ነበር፤ አምና ደረቱ ደረሰ።"

እሰይ! "እንግዲያ ለከርሞ አባታችንን ሊያሰጥምልን ነው" አልኩ። ወንድሜ ቱግ ብሎ ተነሣ፤ እኔም ተነሣሁ።

"ቁጭ በሉ!" አለች እናታችን ከመደቡ ላይ። "ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማላችሁ! አባታችሁ የተሸከመው በጉን ነው።"

ሁላችንም ወደ መደቡ ዞርን።

"ለገበያ የሚሄድ ሙክት ነበር፤ ውኃ እንዳይወስድበት ብሎ። እናንተን ያሻገርኳችሁ እኔ ነኝ። መጀመሪያ አንተን፣ ተመልሼ አንቺን። ውኃውም ከጉልበቴ አላለፈም።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ፣ እማማ?" አለች የልጅ ልጇ።

"ምን ላድርግ ልጄ? አባታቸውን አልጠገቡት፤ ትከሻው እንኳ ይቅርላቸው ብዬ ነዋ። እንዲህ ልትናከሱበት ከሆነ ግን ለሁለታችሁም አልሰጥ!"

ያ ምላሰኛ ወንድሜ አቀርቅሮ ብርጭቆው ውስጥ ገባ። እኔም አፈርኩ፤ ከማፈሬም ይልቅ ከፋኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ወንዙን ጠራሁት፣ ወዲያው መጣ። ትከሻውም መጣ፣ አንገቱም መጣ፤ የወንድ አንገት ነው። የእናቴን ፊት ላደርግበት ታገልኩ፣ እምቢ አለኝ። ከዳር እስከ ዳር ፈለግኳት። እናቴ እዚያ ወንዝ ውስጥ የለችም።