አንበሳው የሚጾምበት ሕግ

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ማተሚያ ቤት አንድ ካርቶን ደረሰኝ። ስከፍተው የአዲስ ቀለም ሽታ ክፍሉን አወደው። ውስጡ ያለው ሕጉን እኔ ያወጣሁለት፣ ሥዕሉን ደግሞ አንድ መምህር ባልደረባዬ የሠራው የልጆች መጫወቻ ካርድ ናሙና ነው። ባለቤቴ "ዛሬም አላለቀም?" እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ። እልኸኝነቴ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ልጅ እያለሁ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ስማር የያዘኝ ነው።

የእኔ ዘመን ልጆች መቼም አትረሱትም፤ ማስቲካ ስንገዛ ከውስጡ የእንስሳ ሥዕል ያለበት ካርድ ይወጣ ነበር። የማስቲካው ጣዕም ወዲያው ያልቃል፤ ካርዱ ግን ሽታውን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። ከእያንዳንዱ እንስሳ ሥር የኃይሉ ቁጥር ተጽፏል። አጨዋወቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ልጆች አንዳንድ ካርድ ደፍተው ያስቀምጣሉ፣ እኩል ይገልጣሉ፣ ቁጥሩ የበለጠው ሁለቱንም ይወስዳል። በዚህ ሕግ ትልቅ የያዘ ልጅ እያደር ይበረታል እንጂ አይወርድም። የክፍላችን ልጅ ሚኪያስ ደግሞ አባቱ ባለሱቅ ስለነበሩ ማስቲካውን ከነካርቶኑ ነበር የሚከፍተው፤ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብ፣ አዞ፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ የክፍሉን ካርድ ጠራርጎ ወስዶ፣ በላስቲክ አስሮ፣ የሱሪውን ኪስ አሳብጦ ይዞር ነበር።

አጠገቤ የምትቀመጠው ትርንጎ አንዲት የምትሳሳላት ካርድ ነበረቻት፤ ቀይ ቀበሮ። ቁጥሯ ሠላሳ አንድ ነው፤ ለጨዋታ የምትረባ አይደለችም። ግን እኛው ጉና ላይ ያለችው ቀበሮ ናት፤ ታላቅ ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ሲሄድ የሰጣት ናት። አንድ ቀን ጨዋታው ሲጦፍ "ፈሪ" እያሉ ቢያበሽቋት አወጣችና ጣለቻት። ሚኪያስ አንበሳውን ገለጠ። ትርንጎ አላለቀሰችም፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ድረስ ግን ያገኘችውን ድንጋይ ሁሉ እየጠለዘች ሄደች። በዚያው ሰሞን የግብርና ባለሙያ የነበሩት አባቷ ወደ ወገዳ ተዛወሩ። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ቅዳሜ ዕቃቸው ይጫናል ተባለ። እኔም ቀበሮዋን ሳትይዝ አትሄድም ብዬ በልቤ ማልኩ።

በነበረው ሕግ ማሸነፍ እንደማይቻል ገብቶኛል። ስለዚህ ሕጉን ራሱን ለመለወጥ ተነሣሁ፤ ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ "ደካሞች ሁለት ሆነው ይደመሩ" አልኩ። ትርንጎ ትንሽ አሰበችና "እሱም ይደምራላ" አለችኝ። ሰረዝኩት። ቀጥዬ ካርዱ ሳይታይ ከፌስታል ይውጣ፣ ዕድል ይፍረድ አልኩ፤ የሚኪያስ ፌስታል ግን ከላይ እስከ ታች ነብርና ጅብ ነው፤ ዕድሉም የእሱ ሆነ። ያንንም ሰረዝኩ። አባቴ ደብተሩን ገልጠው "ሒሳቡ የታለ?" ብለው ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። በማግስቱ በአማርኛ ደብተሬ ቀጠልኩ።

መፍትሔው የመጣው ከትርንጎ ቀልድ ነው። ከትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ተቀምጠን ሽሮ የተጠቀለለበት እንጀራችንን ስንበላ፣ "እኛ እንዲህ በሽሮ ስንከርም ያ የሚኪያስ አንበሳ አይጾምም እንዴ?" አለች። ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንበሳው ለምን አይጾምም? በጾም ቀን ሥጋ በል እንስሳ መብላት አይችልም፤ ሣር በል ከገጠመው፣ ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ሣር በሉ ይወስደዋል። ማንም የማይፈልጋቸው ሚዳቋና ድኩላ፣ ጥንቸል ሳትቀር፣ በአንድ ቀን ሰው ሆኑ። ሁለታችን የቀረውን ሁዳዴ ሙሉ እየተጫወትን ሞከርነው፤ አንድም ቀን አልከሸፈም። "በጾም ቀን" ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ሚኪያስ እንቢ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ስነግረው ግን ዓይኑ በራ፤ ለካ ሁሉንም ካሸነፈ ወዲህ የሚጫወተው ሰው አጥቶ ነው የሰነበተው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ "እሽ፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ሥጋ በል ካሸነፈ አንድ ካርድ ይመረቅለት።" ምን ቸገረኝ፣ ለጋስ ሆንኩና ጻፍኩለት። አሥራ ሁለት ካርድ በአሥራ ሁለት እንገጥማለን፣ ቀድሞ ያለቀበት ይሸነፋል፣ ሚኪያስ ከተሸነፈ ቀበሮዋን ይመልሳል ተባባልን። እሱ ለፋሲካ አያቶቹ ዘንድ ገጠር ሄዶ ሐሙስ ስለሚመለስ ቀጠሯችን አርብ ሆነ። አርብ ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ልጆቹ ደብቀው ያተረፏቸውን ሣር በሎች ለትርንጎ ብለው አዋጡልኝና አሥራ ሁለት ሞላ።

አርብ ከትምህርት በኋላ ባሕር ዛፉ ሥር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሚኪያስ ካርዶቹን ሲያወጣ ሁሉም ሥጋ በል ናቸው። ምን ዓይነት ሞኝ ነው ብዬ አዘንኩለት። እኔ ሚዳቋ ጣልኩ፣ እሱ አንበሳውን። ልወስድ እጄን ስዘረጋ፣ "ቆይ እንጂ፤ ዛሬ ጾም ነው እንዴ?" አለኝ።

"አርብ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

ሁሉም ወደ ሙሉቀን ዞረ። ሙሉቀን የክፍላችን ልጅ ነው፤ ዲያቆን ስለሆነ የጾም ነገር ከተነሣ ዳኛችን እሱ ነው። ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሶ፣ "ሃምሳው ገብቷል እኮ። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም አርብም ጾም የለም" አለ። ቀጠለና ደግሞ፣ "ለመሆኑ አንች ጠዋት ምን በልተሽ ወጣሽ?"

ጠዋት የበላሁት ከፋሲካው በግ የተረፈ ጥብስ ነበር። ሁዳዴን ሙሉ በየቀኑ ጾሜ፣ ሕጌንም በዚያው ሞክሬ፣ በገዛ አፌ ሥጋ አኝኬ፣ "ዛሬ አርብ ነው፣ አንበሳ አይበላም" ብዬ መጥቻለሁ። "ረቡዕና አርብ" ብዬ ጽፌው ቢሆን እንኳ እከራከር ነበር። የጻፍኩት ግን "በጾም ቀን" ነው፤ ያውም አስምሬበት። ለጋስ ሆኜ የጻፍኩት ምርቃትም ጨረሰን፤ በየዙሩ ሁለት ሁለት እየሄደ አሥራ ሁለቱ ካርድ በስድስት ዙር አለቀ።

ልጆቹ "ሕጉን ቀይሪው፤ ያንች አይደል!" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። ያስቆመችኝ ትርንጎ ናት። "ተሸነፍን" አለች፤ ቦርሳዋን አንግታም ሄደች። ቤት ገብቼ ሳለቅስ እናቴ ነገሩን ሰማችና "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ግን ያን ሰዓት አላጽናናኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው ደጃፍ አይሱዙ ቆሞ ፍራሽና ወንበር ይጫናል። አጠገቧ ሄጄ፣ "ይቅር በይኝ፤ ቀበሮሽን ማስመለስ አቃተኝ" አልኳት።

"ቀበሮዋን ተያት" አለችኝ። "ይልቅ ሕጉን ጻፊልኝ። ወገዳ አንድም የማውቀው ልጅ የለም። ባዶ እጄን ልግባ?"

"ካርድ እንኳ የለሽም፤ ሕጉ ምን ያደርግልሻል?"

"ካርዱንማ ከደብተር ልባስ ቆርጬ እሠራዋለሁ። ሕጉን ግን ከየት አመጣለሁ?"

ከአይሱዙው ጎማ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሾፌሩ ክላክሱን እያንባረቀ፣ አባቷ "ኧረ በሉ ልጆች" እያሉ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እሷ በትከሻዬ ላይ አዘንብላ ታነባለች። "ሃምሳውንም ጻፊው" አለችኝ። ጻፍኩት። ወረቀቱን አራት አጥፋ ቀሚሷ ኪስ ከተተችና ሳትሰናበተኝ ጋቢና ገባች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ መምህር ከወገዳ ደብዳቤዋን አመጡልኝ። ስለ ቀበሮዋ ምንም አላለችም። "ዓሣ ብቻ የሚበላ ወፍ በጾም ቀን ይበላል ወይስ አይበላም? እኔና አልማዝ ይበላል አልን፤ እነ ዘውዱ አይበላም አሉ። ሦስት ቀን ተኳርፈናል። ቶሎ ፍረጅ" ይላል። አንብቤው አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። ትርንጎ የምትጣላቸው ልጆች አግኝታለች።

ቀበሮዋን ከሚኪያስ መቼም አላሸነፍኳትም። ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች ስልክ ላይ ይጫወታሉ። ሥዕሉ ያምራል፤ አልንቀውም። ግን ሕጉን ማን እንዳወጣው አያውቁም፤ በአንድ ጀምበር ሲለወጥባቸውም "ተይ፣ ይኼ አግባብ አይደለም" የሚሉት ሰው በአጠገባቸው የለም። ለየብቻቸው ያሸንፋሉ፤ ለየብቻቸው ያኮርፋሉ። ያሳዝነኛል። እኔ አሁን ኮምፒውተርም ማተሚያ ቤትም አለኝ፤ አንድ ሕግ ጽፌ በጨረስኩ ቁጥር የምጠይቀው ግን ያንኑ ነው፤ ማንንም ወደማታውቅበት ከተማ የምትሄድ ልጅ ይኼን ይዛ ብትገባ የሚከራከራት ሰው ታገኝበት ይሆን? ትናንት ናሙናውን ለተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። በጸጥታ ተጫወቱ፤ በጸጥታ መልሰው "ጥሩ ነው ቲቸር" አሉኝ። ሕጉን ቀድጄ ዛሬ እንደገና ጀምሬአለሁ።