ሰባተኛው አንድም

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቴ ጎንደር ውስጥ፣ ከደብሩ ቅጥር ሥር፣ የወንጌል ትርጓሜ ያስተምሩ ነበር። ዐይናቸው ጠፍቷል፤ ተማሪው ንባቡን ያነባል፣ እሳቸው «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን በቃላቸው ያወርዱታል። እኔ ባሌ ሞቶብኝ ወደ አባቴ ቤት የተመለስሁ ሴት ነኝ፤ ከግድግዳው ወዲህ ምስር እየለቀምሁ እሰማለሁ። ማን ከልክሎኝ!

ሳምራዊቷ ሴት እንስራዋን ከውኃ ጉድጓዱ አፍ ትታ የሄደችው ስለ ምን ነው? ለዚህች አንዲት ነገር ስድስት ትርጓሜ ነበራቸው። ስድስቱንም አንድ ሳላስቀር ይዣቸዋለሁ።

በመጨረሻው ክረምት አልጋ ያዙ። ተማሪዎቹ ለእርሻ ወደየአገራቸው ሄደዋል።

«ልጄ፣ ውኃ» አሉኝ። ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ። «እንስራውን የተወችው፣ አንድም ለጌታ ነው። አጠጪኝ ብሎ ለምኗት በጨዋታ ተይዘው ሳይጠጣ ቀርቶ ነበርና፤ ይጠጣ ብላ።»

ይህን ለተማሪ ሲነግሩ ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ! ደስታው አሰከረኝ። እንዲደግሙልኝ ለመንኋቸው፤ ቃል በቃል እስክይዘው ደገሙልኝ። ውኃው ትዝ ብሎኝ በጣሳ ይዤ ስመለስ አባቴ የሉም።

ወንበሩን የያዘው የእሳቸው ተማሪ፣ እኔ የቆላሁትን ሽምብራ ቆርጥሞ የተማረ ነው። ስድስቱን ብቻ ሲያስተምር ሰምቼ ወደ እሱ ሄድሁ። «የኔታ፣ አንድ ቀርቶብዎታል» አልሁት። ሰባተኛውን ነገርሁት።

«ከማን ጋር ሰማሽው?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲያው የሕመም ቅዠት ነው። ተይው፣ እህቴ።»

አበስኩ ገበርኩ! የአባቴን ቃል ቅዠት አለው። ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ አለቀስሁ። ለማን ልንገር? ሴት ወንበር ዘርግታ አታስተምር።

ለዓመቱ፣ በበዓል ቀን፣ ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ሰባተኛውን አወረደው። አንዲት ቃል አልሳተም። «ይህን መምህሬ ለብቻዬ በምሥጢር ነግረውኛል» አለ።

ሌባ! ልነሣ ስል አጠገቤ ያለችው ሴት ነጠላዬን ጎተተችኝ። «ምነው፣ ተቀመጪ እንጂ! እንዴት ያለ ሸጋ ነገር ነው የሚናገሩት።»

ተቀመጥሁ። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም እልል አልሁ፤ የአባቴ ቃል ነዋ። ትርጓሜውንስ ይውሰደው። አባቴ ያችን ውኃ ሳይጠጡ መሞታቸውን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱን የምነግረው ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።