ከጣሳው የወጣችው ቀለበት

የአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ጋራዥ ዋና መካኒክ ነው፤ ሰው ሁሉ «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን የምሩን ተቀበለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መኪና ገና ከግቢው በር ብቅ ሲል «የዚህ ኩሽኔታው አልቋል» እያለ ኖሯል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ጣጣው ያለው «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው ላይ ነው።

የሱ ጉድ የጀመረው የድርጅቱን አንድ ሲሚንቶ ጫኝ መኪና የፊት ጎማ ተሸካሚ ፈትቶ ከጠገነ በኋላ ነው። ሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ዝምተኛ፣ መኪናውን እንደ ልጁ የሚያጥብ ሰው ነበር። ከጥገናው በሳምንቱ መጣና፣

«ፕሮፌሰር፣ ከፊት በቀኝ በኩል ጓ የሚል ድምፅ አለ። ጭኜ ጉድጓድ ስገባ ነው» አለ።

መካኒኩ ባዶውን መኪና ግቢ ውስጥ ሁለት ዙር ነዳው። ምንም የለም። በሁለተኛው ሳምንት የባሌስትራውን ብሎኖች አጠበቀ። በሦስተኛው ግራሶ አስሞላ፣ የጎማውን ኩሽኔታ ቀየረ። ሾፌሩ በአራተኛውም መጣ። «እባክህ ጭነት ላይ እያለ አብረኸኝ ውጣና ስማው» ብሎ ለመነው። አዎ፣ ለመነው። መካኒኩ ግን ምሳ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣

«ጋሼ፣ መኪናውስ ድኗል፤ የቀረው ያንተ ጆሮ ነው። ሐኪም ዘንድ ሂድ!» አለው።

ምሳ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሾፌሩ ስም «ሰሚው» ሆኖ ቀረ። «ሰሚው፣ ሆዴ ይጮኻል፣ እስቲ አዳምጥልኝ!» ይሉታል ባገኙት ቁጥር። መካኒኩ ቀልዱን ቤቱ ድረስ ይዞት ገባ፤ ሚስቱና ሴት ልጁ ራት ላይ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ሰውየው ረዥም መንገድ ሰልችቶት ሰበብ የሚፈልግ መሰለውና ከመኪናው አውርዶ በር ላይ አስቀመጠው። አሥራ ሰባት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው፣ ሥራው የበሩን አግዳሚ ብረት ከፍ ዝቅ ማድረግ ሆነ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ መካኒኩ ሌላ ከተማ ያለች እህቱን ሊጠይቅ ሲነሳ፣ ያው መኪና በዚያው መንገድ ይሄድ ስለነበር ተሳፈረበት። ከኋላ ሲሚንቶ እስካፉ ተጭኗል። ከከተማ ወጥተው የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ፣ ልክ ከእግሩ ሥር፣ ጓ!

«ምንድን ነው እሱ?» አለ፤ ገና ሲሰማው ምን እንደሆነ አውቆት ሳለ።

«እሱማ ድሮም አለ» አለ አዲሱ ሾፌር። «እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ።» ከፍ አደረገውም።

እህቱ ዘንድ ሲደርስ ያቀረበችለትን ምግብ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ገፋው። «አሞሃል እንዴ ወንድምዬ?» ብትለው፣ መንገዱ ነው ብሎ ዋሸ።

ሰኞ ጠዋት መኪናውን በክሪክ አነሳው። ከቀኙ ጎማ ሥር ረዥም ብረት አስገብቶ ወደ ላይ ቢጫነው፣ ጎማው ከነተሸካሚው የጥፍር ያህል ዘለለ። ጎማውን የተሸከመው ብረት ከአክስሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክፍተቱን የምትሞላ ቀጭን የብረት ቀለበት መኖር ነበረባት። የለችም። እሷ ከሌለች ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ይወርዳል፣ ሲወጣ ደግሞ ጭነቱ መልሶ ይደቃዋል።

ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አለው። መካኒክ የተባለ ሁሉ አለው፤ ከሥራ በኋላ የተረፈ ብሎን፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነገር የሚጣልበት። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ቀለበቷ ከታች ነበረች፤ አዲስ፣ የፋብሪካ ዘይቷ እንኳ ያልለቀቃት። ያኔ ሁሉም ትዝ አለው። ተሸካሚውን መልሶ ሲገጥም «ይቺ ትርፍ ናት» ብሎ የወረወራት እሱ ራሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው!

ፊቱ ጋለ። ማንም አላየውም፤ እሱ ግን ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። ያቺኑ ለመግጠም እጁ እምቢ ስላለው ከዕቃ ቤት ሌላ አውጥቶ ገጠመ። እንግዲህ ዝም ቢል ማን ያውቃል? ማንም። ይህን ማሰቡ ደግሞ የበለጠ አሳፈረው።

በምሳ ሰዓት ቀለበቷን ኪሱ ከትቶ ሾፌሩ ወዳለበት ወደ ግቢው በር ሄደ። ሁለት ጊዜ ሲጋራ የሚገዛ መስሎ ወጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ቆመ።

«ጋሼ» አለና ቀለበቷን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «ድምፁ የዚህች ነው። ሳልገጥማት ቀርቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰውየው ቀለበቷን አገላብጦ አያት። «እንግዲያው ድምፁ ነበረ?»

«ነበረ።»

«በእርግጥ ነበረ?»

«በጆሮዬ ሰማሁት።»

ሰውየው በረዥሙ ተነፈሰ። «ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር እኮ፣ አንተ ካልከኝ በኋላ። ጆሮህ ምንም የለበትም አለኝ። እኔ ግን አላመንኩትም።»

«ለምን?»

«አንተ ነሃ የለም ያልከው! እሱ ስለ መኪና ምን ያውቃል? ጆሮዬ ካልሆነ ጭንቅላቴ ነው አልኩ። አሁን በር ሲንኳኳ እንኳ ‹ተሰማሽ?› ብዬ ሚስቴን ሳልጠይቅ አልነሳም።»

መካኒኩ መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠው ተመኘ። ቢሰድበው፣ በጥፊ ቢለው ይሻለው ነበር።

«አሁኑኑ ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ» አለ። «መኪናህ እንዲመለስልህ አደርጋለሁ።»

«እሱንስ ትነግረዋለህ።» ሰውየው ቀለበቷን መለሰለትና በአገጩ ምሳ ቤቱን አመለከተው። «መጀመሪያ ግን እዚያ።»

ምሳ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ገና በሩን አልፎ ሲገባ አንዱ፣ «ፕሮፌሰር! ከሰሚው ጋር ስታወራ አየንህ፤ ዛሬ ደግሞ ምን ሰማ?» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቁ። መካኒኩ እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ። ረዥም ሳቅ ነበር፤ ያስተማራቸውም እሱ ነው። ከዚያ ቀለበቷን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠና፣ «ይቺን ታዩዋታላችሁ?» አለ። «ጋሼ የሰማው ልክ ነበር፤ ይቺን ሳልገጥም የቀረሁት እኔ ነኝ።»