የደሴቷ ወፍና የእኔ ጩኸት

ሶዶ ከተማ፣ ታናሽ ወንድሜ ዳንኤል ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ተለብጦ የተሰቀለ አንድ ወረቀት አለ። ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ልጅ ሆነን፣ ደርግ ወድቆ ትምህርት በወላይትኛ የተጀመረ ሰሞን፣ የምንኖረው ከጠበላ ከተማ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ነበር። አባታችን ዳንኤልን ለትምህርት ቤት፣ እኔን ለማሽላው መደበን። እሱ አዲስ ደብተሩን እያሸተተ ሲሄድ፣ እኔ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍና በጩኸት ወፍ አባርራለሁ። የደብተሩ ሽታ ማማው ድረስ ይከተለኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን የዳንኤል መምህር፣ በሐይቁ ደሴት ላይ ብቻ የቀረች፣ ዘሯ ሊጠፋ የደረሰ፣ ጉሮሮዋ ቀይ ወፍ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ያሳየውን ልጅ ስም ስለ ወፏ በሚያወጣው ጽሑፍ ላይ ሊጽፍ ቃል ገብቷል። እኔ አውቃታለሁ! ከአጎታችን ጋር ዓሣ ለማጥመድ ስሻገር አይቻታለሁ። ስሜን ደግሞ ተጽፎ አይቼው አላውቅም። አባቴን ለምኜ ማማውን ለአንድ ቀን ተውኩት።

በማለዳ ከመምህሩና ከዳንኤል ጋር በአጎታችን ታንኳ ተሻገርን። ዳርቻው ጭቃ ጭቃ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። ሸንበቆው ሥር አየኋት፤ ጉሮሮዋ እንደ በሰለ በርበሬ ቀልቶ የሣር ፍሬ ትለቅማለች። ወፍ ስትለቅም ካየሁ አፌ እኔን አይጠይቅም። "እሽ! ሂጂ!" ብዬ ጮህኩ። በረረች።

"አንተ ጅል፣ ማሽላ መሰለህ?" አለ አጎቴ እየሳቀ።

ዳንኤል ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም ነበር። "ቲቸር፣ ያቻትና! ደረቁ ግራር ላይ!" መምህሩ አየና ብዕሩን አወጣ። ስንመለስ ዳንኤል፣ "ኢሻ፣ ወንድሜ፣ ያመጣኸን እኮ አንተ ነህ" አለኝ። "ዝም በል!" አልኩት።

ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነው የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት። ማንበብ እንደቻልኩ የሄድኩት ወደዚያ ግድግዳ ነው። የዳንኤል ስም አለ፤ ቀጥሎ የአባታችንም አለ። ከሥሩ፣ "ወፏ በአንድ ወፍ ጠባቂ ጩኸት ተነሥታ በረረች" ይላል። ጩኸቴ ተጽፏል።

ያኔ ወፏ ነበረች፣ ፊደሉ አልነበረኝም። አሁን ስሜን አሳምሬ እጽፋለሁ፤ ወፏን አየሁ የሚል ዓሣ አጥማጅ ግን ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ብቻዬን ተሻገርኩ። ሸንበቆው ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ አፌን በእጄ ከድኜ ጠበቅኋት። አልመጣችም።