ከሽፋኑ ፎቶ ሥር የጻፍኩት ስም

ሰኔ 2002 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት፣ እናኑ ፈንታ የምትባል ሴት ከባሏ ጋር ለአሥራ ሁለት ዓመት በኖረችበት የእርሻ መሬት ላይ ድርሻ የላትም ብሎ ወሰነ።

ውሳኔው ሲነበብ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ምስክር ሆኜ ቀርቤ ነበር። ብዙ የፍርድ ቤት ውሎ ዘግቤአለሁ፤ ይህኛው ከአእምሮዬ ያልወጣው የተሳሳተው ሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ የወረዳውንም የቀበሌውንም ስም አልጠቅስም። ሌላው እንደሆነው ነው።

ለዓመታት የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሴቶች ኢኮኖሚ ተጠቃሚነት የፖሊሲ ባለሙያ ሆንኩ። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ስብሰባ ይመስላል። አብዛኛው ግን መመሪያ መጻፍ ነው።

በጊዜው ትልቁ ጉዳይ የመሬት ደብተር ነበር። ባለትዳር ገበሬ የይዞታ ደብተር ሲሰጠው የእሱም የሚስቱም ስምና ፎቶ እንዲገባበት ተወስኗል። ሚስት ብትፈታ ወይም ባሏ ቢሞትባት ከመሬቷ እንዳትነቀል ነው። ነገር ግን ብዙው ደብተር የሚስት ቦታው ባዶ ሆኖ ይመጣ ነበር። ስለዚህ በመመሪያው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ሁለተኛው የፎቶ ቦታ ባዶ የሆነ የባለትዳር ደብተር አይታደልም፤ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። በስብሰባው ላይ ለዚህች አንቀጽ ተጨብጭቦልኛል።

በየካቲት 1998 ፎቶ አንሺ ይዘን ወደ እናኑ ቀበሌ ወረድን። ቆይታችን ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ሰው የሚሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ቅጥር ግቢውን የመረጥነው እኛ ነን። ፎቶ አንሺው ነጭ አንሶላ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወጥሮ ከፊቱ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ። መዝገቡን የሚጽፉት የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። በቀበሌው እንደ እሳቸው ያለ የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት ሞላ ዋሴ የሚባል ገበሬ ከአንዲት ሴት ጋር መጥቶ ተቀመጠ። ሁለቱ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ። እኔ ለምናዘጋጀው ብሮሹር የሚሆን ፎቶ እፈልግ ስለነበር የራሴን ካሜራ ይዤ ቀረብኩ።

"ጠጋ በሉ እንጂ! ባልና ሚስት አይደላችሁም እንዴ?" አልኩ።

ግቢው በሳቅ ሞላ። ከጥዱ ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ከዘራቸውን አነሡ።

"አንቺ የሺ፣ ጠጋ በይ! ምነው ባልሽን ሸሸሽው?"

"ባል እንዲህ ከሆነስ ቆሜ እቀራለሁ!" አለች ሴትየዋ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

ሞላ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ይስቅ ጀመር። በዚያው ቅጽበት ፎቶውን አነሣሁ። በማስታወሻዬ ላይ "ተጫዋች ባለትዳሮች" ብዬ ጻፍኩ። ስማቸውን ከመሪጌታ መዝገብ ገለበጥኩ።

ፎቶው የብሮሹሩ ሽፋን ሆነ። ያየው ሁሉ ወደደው። ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከልባቸው ይስቃሉ። ከሥሩ የጻፍኩት ይህ ነው፤ "አቶ ሞላ ዋሴ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺ ዋሴ ጋር። መሬቱ የሁለቱም ነው።" ከእኔ በኋላ ኃላፊዬን ጨምሮ አራት ሰዎች አንብበው ፈርመውበታል። ብሮሹሩ ወደየወረዳው ተላከ፤ በየሥልጠናው ታደለ።

በጥር 2002 አንዲት ሴት ቢሮዬ ድረስ መጣች፤ እናኑ ነበረች። ከቀበሌዋ ሌሊት ተነሥታ በእግሯ ወደ መኪና መንገድ ወጥታ፣ ከዚያ ተሳፍራ ነው የደረሰችው። ብሮሹሩን በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች። ጠርዙ አልቆ ነበር።

"እትዬ፣ ይቺን ያወጡ እርስዎ ነዎት አሉኝ።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ውስጧ ምን ይላል?"

"መሬት የባልና የሚስት እኩል ነው ይላል።"

"መምህሩም እንዲያ ብሎ አነበበልኝ። እንግዲያው ይፍረዱኝ። እኔ የሞላ የሰማንያ ሚስቱ ነኝ። ሌላ ሴት አምጥቶ፣ ላሚቱን ይዘሽ ወዳባትሽ ቤት ሂጂ አለኝ። መሬቱስ ስለው፣ ደብተር ላይ የለሽም አለኝ።"

ሽፋኑን አዙሬ አሳየኋት። "ይቺስ ማን ናት?"

"የሺ ናታ! እህቱ።"

ጽሑፌን መልሼ አነበብኩት። ሞላ ዋሴ። የሺ ዋሴ። አባታቸው አንድ ነው። በአገራችን ባልና ሚስት ነን የሚሉ ሰዎች የአባታቸው ስም አንድ ሆኖ ሲገኝ ቆም ብሎ መጠየቅ ጀማሪ ዘጋቢን እንኳ አይጠፋውም። እኔ ሬዲዮ ሳለሁ የሰው ስም ከነአባቱ ያላጣራ ዜና ለጸሐፊው እመልስ ነበር።

"ፎቶ ሲነሡ አንቺ የት ነበርሽ?" አልኳት።

"አራስ ነበርኩ። ሃምሳ ቀኔ ነበር።"

"ሃምሳ ቀን?"

"ሴት ልጅ ናት የወለድኩት። ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ እኔም ቅጥሩን በገባሁ ነበር። ለሴት ሰማንያ ነው።"

ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ሰማንያ ቀን ቆጥራለች። ፎቶ ማንሻውን ቅጥር ግቢ ውስጥ ስናደርግ ግን በዚያ ሳምንት አራስ የሆነች ሴት ትኖር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቀበሌዋ ሄድኩ። መሪጌታን ከተማሪዎቻቸው ጋር አገኘኋቸው። ተማሪዎቹን አሰናብተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"የሺ የሞላ እህት መሆኗን ያውቁ ነበር?"

"ክርስትና ስትነሣ ቆሜ ነበር። እንዴት አላውቃት?"

"ታዲያ ለምን ጻፏት?"

"እናኑ አራስ፣ ፎቶ አንሺው በማግሥቱ ሂያጅ። ባዶ ቦታ ያለው ደብተር ይመለሳል የሚል ወረቀት ደግሞ መጥቷል። አንቱ ነዎት የላኩልን። ሰውየው ደብተሩን ከሚያጣ እህቱ ለጊዜው ትቀመጥለት፣ ኋላ ይስተካከላል አልን። የሐሰት ስም አልጻፍኩም። የተቀመጠችውን ሴት ስሟን ከነአባቷ ነው የጻፍኩት።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"መቼ ጠየቁን? ደግሞ ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ ገብቶዎታል ብለን ነበር።"

የሚያስተካክል ሰው አልነበረም። ምዝገባው እንዳለቀ ኮሚቴው ተበትኗል። ስም ዝርዝሩ ተቃውሞ ያለው እንዲያመለክት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ነበር። እናኑ ፊደል አልቆጠረችም።

ክሱን እንድታቀርብ የመከርኳት እኔ ነኝ። ማመልከቻዋንም ጻፍኩላት። እውነቱ ግልጽ ስለሆነ ታሸንፋለች ብዬ አምኜ ነበር።

ሞላ ለፍርድ ቤቱ መሬቱ ከአባቱ የወረሰው መሆኑን፣ ከእህቱ ጋር የያዘውም ለዚህ እንደሆነ ተናገረ። ደብተሩ ቀረበ። በደብተሩ ላይ "ባለይዞታ" የሚል ሁለት ቦታ ነው ያለው። ሁለተኛው የሚስት ነው የሚለው በእኛ መመሪያ ላይ እንጂ በደብተሩ ላይ አልተጻፈም።

መሪጌታ ቀርበው ያወቁትን ሁሉ ተናገሩ። ዳኛው ጠየቋቸው፤ "ሲጽፏት ሚስቱ ናት ብለው ነው ወይስ እህቱ?"

"እህቱ መሆኗን አውቄ ነው።"

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ዳኛው ብሮሹሩን ከፍ አድርገው ያዙት።

"ባለቤታቸው ብለው የጻፉት በምን ማስረጃ ነው?"

"አብረው ተቀምጠው ስላየኋቸው።"

"ጠይቀዋል?"

"ባልና ሚስት አይደላችሁም ወይ ብያለሁ።"

"ምን መለሱ?"

"ሳቁ።"

"ስለዚህ አላረጋገጡም።"

"አላረጋገጥኩም።"

የሺ የመጨረሻዋ ነበረች። እናኑን እንዳታይ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች። ፎቶው የእሷ ነው፤ ስሙ የእሷ ነው፤ አባቷም ዋሴ ነው። ስንወጣ በረንዳው ላይ እናኑ ጠበቀቻት።

"የሺ፣ በዚያ ሰሞን ገንፎ ያገነፋሽልኝ አንቺ አይደለሽም? ምነው ጨከንሽብኝ?"

"እኔስ ከባሌ ቤት ምን ይዤ ወጣሁ?" አለች የሺ። "ባዶ እጄን ነው የመጣሁ። ያንቺ ወንድሞች አሉልሽ። እኔ ይቺን ፎቶ ብለቅ ነገ ወንድሜስ ያስጠጋኛል?"

ለአንዷ መሬት ማስመለስ የሌላዋን መቀማት ነበር። መሥሪያ ቤቴ ሁለቱንም ለማገዝ ነበር የተቋቋመው።

ውሳኔው አጭር ነበር። ደብተሩ በሕግ የጸና ነው፤ በተቃውሞው ጊዜ ያመለከተ የለም፤ ከሳሽ ከጋራ ንብረት ላሟንና የእህሉን ግማሽ ትውሰድ። ይግባኝ አልን። ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን አጸናው። የመሬት ጽሕፈት ቤት ባልደረባ የሆነ ሰው ሊያጽናናኝ ብሎ፣ "ምን አዘንሽ? ግማሹ እኮ አሁንም በሴት ስም ነው" አለኝ። በሪፖርታችን ላይም እንዲሁ ሆኖ ነው የገባው።

ለኃላፊዬ የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ አቀረብኩ። አንቀጿ እንድትሻሻል፣ የቀበሌው ደብተሮች ባለትዳሮቹ ባሉበት እንደገና እንዲጣሩ፣ ብሮሹሩም ከሥርጭት እንዲወጣ ጠየቅሁ። ስለ አንቀጿ "በሚቀጥለው ዙር ይታያል" የሚል መልስ መጣ። ስለ ማጣራቱ መልስ አልመጣም። ስለ ብሮሹሩ ስህተቱ እንደሚታረም ተነገረኝ። በዓመቱ ሥራውን ለቀቅሁ።

አሁን ስለዚህ ነገር ምን ይሰማሻል የሚሉኝ አሉ። ተስፋ የሚባለውን ነገር ፈልጌ አላገኘሁትም። ክፉ ሰው ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ሞላ እንኳ ያን ቀን ይህን አስቦ አልመጣም፤ ደብተሩን እንዳያጣ ነበር የመጣው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያጣራሁት በጥቅምት 2005 ነው። እናኑ ሉማሜ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ዕቃ ታጥባለች። ልጇ አብራት ናት። ላሚቱ ተሸጣለች። ከዚያ ስመለስ በመንገዴ ባለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ገብቼ አዲሱን የብሮሹር እትም ጠየቅሁ፤ ሰጡኝ። የሽፋኑ ፎቶ ያው ነው። ከሥሩ የነበሩት ስሞች ወጥተዋል። በምትካቸው "ደስተኛ ባልና ሚስት ከመሬት ደብተራቸው ጋር" ይላል።