መረብ ከአባያ

እኛ የጠየቅነው አንዲት ጨዋታ ብቻ ነበር። በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ሰዎቻችን ፊት፣ አንዲት ጨዋታ። እሷን እንኳ ዓመቱን ሙሉ ነፈጉን።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ብሔራዊ ሊግ ሲጀመር ከአርባ ምንጭ አንድ ቡድን እንዲገባ ተፈቀደ፤ እኔም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ደመወዝ ተብሎ የሚሰጠን ከሳሙናና ከጫማ አያልፍም። ቢሆንም ተጫዋች ተብለን የተቀጠርን ሴቶች ነበርን፤ ያን ስም ሊቀማኝ የመጣን ሰው አልምርም ነበር።

ሜዳችን በታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ ከገበያው ብዙ ያልራቀ ሲሚንቶ ነው። ጣሪያ የለው፣ መቀመጫ የለው። ቀትር ላይ ሙቀቱ በጫማ ውስጥ አልፎ እግር ይጠብሳል። የሊጉ ሰዎች «ለውድድር አይበቃም» አሉና በሜዳችን ልናደርገው የሚገባንን ጨዋታ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። እንግዲህ አስቡት፤ እንግዳ የምንሆነውም አዲስ አበባ፣ ባለቤት የምንሆነውም አዲስ አበባ። አውቶቡሱ በሶዶና በሻሸመኔ አድርጎ ሲያደርሰን ጉልበታችን ተቆልፎ፣ ጸጉራችን አቧራ ለብሶ እንወርዳለን፤ በማግስቱ ሩጡ እንባላለን። የመንገድ ስንቃችን የጫኖ ሙዝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ የበሰለ ሙዝ ሲሸተኝ ሽንፈት ይታወሰኛል።

አንዳንዴ ብናሸንፍም ብዙውን ተሸነፍን። የአዲስ አበባ ልጆች ጫማቸው ነጭ፣ በእንጨት ወለል ላይ የሠለጠኑ ናቸው። አንድ ቀን አንዷ «እናንተ የምትለማመዱት ከአዞ ጋር ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ሳቀችብን። አምበላችን የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ አፏ ስለት የሆነ። «አዎ፣ እሱ ግን እንደ እናንተ በክርን አይማታም» አለቻት። ያን ቀን ክፉኛ ነው የተሸነፍነው፤ ግን እስከ አርባ ምንጭ ድረስ እየሳቅን ተመለስን። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እኛም ስንውጥ ከረምን።

የመጨረሻዋ ጨዋታ ስትቃረብ ከሠንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበርን። ከእኛ አንድ ደረጃ በላይ ያለው የአዲስ አበባ ቡድን ሲሆን የቀረን ጨዋታም ከእሱ ጋር ነው። ካሸነፍን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን። ከተሸነፍን እንወርዳለን፤ ከወረድን ደግሞ ቡድኑ እንደሚፈርስ በግልጽ ተነግሮናል።

ለእኔ መፍረሱ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ታንኳውን ይዞ አባያ ይገባል። ጨዋታዬን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ ሊያይም አልፈለገም።

«ኳሷን ወደ ላይ ትወረውሪያለሽ፤ ወደ ታች ትመጣለች። ታዲያ ምን ያዝሽ?» ይለኛል።

«ነጥብ» እለዋለሁ።

«ነጥብ ይጠበሳል?»

ቡድኑ የፈረሰ ዕለት ወደ ዓሣው ትመለሻለሽ ብሎ ጨርሷል። ቅርፊት የምንፍቅበት ቢላ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይጠብቀኝ ነበር። ዓሣ መፋቅ ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ፍቄያለሁ፣ ገና እፍቃለሁ። የጠላሁት ሌላ ሰው ተነሥቶ «በቃሽ» እንዲለኝ ነው። በቃኝ የምለው እኔ ነኝ።

አሰልጣኛችን የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ስለነበረ ሁላችንም «ቲቸር» እንለዋለን። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተከራከረ፤ ለመነ፤ ሲያቅተው ተጣላ። በመጨረሻ ይህቺ ጨዋታ በሜዳችን እንድትሆን ፈቀዱለት፤ ግን መስመሩ ተቀብቶ፣ ሰሌዳው ታድሶ፣ ቀለበቶቹ ላይ መረብ ተሰቅሎ እንዲቆያቸው አስጠነቀቁት። የጨዋታው ኮሚሽነር መጥተው ያያሉ፤ አንዱ ከጎደለ ጨዋታ የለም፣ ውጤቱ ለእንግዳው ቡድን ይሰጣል። መስመሩን እኛው ቀባን። ሰሌዳውን አንድ አናጢ አበጀልን። መረብ ግን ከሲቀላ እስከ ላይኛው ከተማ ሴቻ ብንዞር ጠፋ፤ እኛ የለመድነው በባዶ ቀለበት ነው። ከአዲስ አበባ ይላክላችኋል የተባለውም ሳይመጣ የጨዋታው ሳምንት ገባ።

ቲቸር ሲያስብ ሲያስብ ቆይቶ እኔን አየኝ። «የአንቺ አባት መረብ ይሠራል አይደል?»

«የዓሣ ነዋ!»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አለች አምበላችን።

ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አባቴ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ክር ይፈለቅቃል፤ የእኛ አስጋሪዎች መረብ ከዚያ ክር ነው የሚሠራው፣ ኃይለኛ ነው። ነገሩን በጋሞኛ አጫወትኩት። ጭንቅላቱን ሳያነሣ «ይፍረስ እንግዲህ» አለኝ። ደሜ ፈላ።

«ይፍረስ ግዴለም» አልኩት። «ብቻ ምን ብለው እንደሚያፈርሱት ስማ። መረብ የላቸውም ብለው ነው።»

እጁ ቆመ። «ማነው ያለው?»

«አዲስ አበቤዎቹ።»

«አባያ ዳር ተቀምጠን መረብ የላችሁም ተባልን?»

«ተባልን።»

ክሩን መሬት ላይ ጣለው። አባቴ ብዙ ነገር ይችላል፤ ንቀት ግን አይችልም። እኔም ከእሱ ነው የወረስኩት። «መልኩን ንገሪኝ» አለ።

አፉ ክብ ነው አልኩት፤ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል። «አውቄዋለሁ» አለኝ። አባቴ አውቄዋለሁ ካለ ለእኔ ይበቃኝ ነበር። አሳየኝ ብለውም አያሳየኝም፤ ያላለቀ መረብ ሰው ካየው ዓሣ ይሸሻል ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

የጨዋታው ቀን ከጫኖ ገበሬው፣ ከጨንቻ ሸማኔው፣ ከቢሮ ሠራተኛው፣ ከኦርቶዶክሱም ከፕሮቴስታንቱም ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ ሜዳውን ከበበው። ግማሹ ሰው የጨዋታውን ሕግ አያውቅም፤ ከአዲስ አበባ ጋር መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል። አባቴ መሰላል ይዞ መጣና መረቦቹን ራሱ አሰረ። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ የሚያምሩ መረቦች ነበሩ። ልቤ ሞላ።

ኮሚሽነሩ ሸምገል ያሉ፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ያላወለቁ ሰው ናቸው። የመጫወቻዋን ኳስ ከአዲስ አበባ ይዘው መጥተዋል፤ አዲስ፣ የቆዳ፣ ዓይናችን አይቶት የማያውቅ ዓይነት። መስመሩን አዩ፤ ሰሌዳውን አዩ፤ ከዚያ ኳሷን ወደ ቀለበቱ ወረወሩ። ገባች። አልወጣችም።

ክው አልኩ። ቀና ብዬ ሳየው መረቡ ታቹ ድፍን ነው። አባቴ የሠራው ዓሣ አስጋሪዎች ያጠመዱትን ዓሣ ከታንኳው ጎን ውኃ ውስጥ አንጠልጥለው የሚያቆዩበትን ከረጢት ነበር። አፉ ክብ፣ ወደ ታች የሚጠብ፣ ከክንድ ያነሰ። ያልኩትን አንዱንም አላጎደለም።

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። የእኛ ሰው ግን ደስ ብሎት አጨበጨበ፤ ለእሱ ኳሷ ተይዛለች። ኮሚሽነሩ አልሳቁም። «ኳስ የማያሳልፍ መረብ አይፈቀድም። ካልተስተካከለ ጨዋታ የለም» አሉ።

አባቴ ተነሣ። አማርኛውን የተማረው ከዓሣ ገዢዎች ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው። «አንተ፣ የማያስቀር መረብ ምን ያደርግልሃል?» አላቸው።

«ማለፍ አለባት፣ አባቴ» አሉት።

«ከምታልፍ ለምን መረብ ሰቀላችሁ?»

ኮሚሽነሩ ሰዓታቸውን አዩ። ቲቸር ላብ በላብ ሆኖ ቢላ ሲያቀብለው አባቴ ገፋው። መረብ ይፈታል እንጂ አይቆረጥም አለና መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። የመጀመሪያውን በደንብ ከፈተው። በሁለተኛው ላይ ሳለ የእንግዶቹ አሰልጣኝ «ጊዜ አለፈ!» እያለ ስለጮኸ ጥቂት ቋጠሮ ሳይፈታ ወረደ። ኮሚሽነሩ ሞከሩት። ኳሷ ትንሽ ቆም አለችና እያቅማማች ወረደች። «አልፋለች፤ ጀምሩ» አሉ።

አባቴ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ሥራው አልቋል። መሰላሉን አጋድሞ ተቀመጠበት።

እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም። ሲሚንቶው የእኛ ነው፣ ፀሐዩ የእኛ ነው። እነዚያ ነጫጭ ጫማዎች ከእረፍት በኋላ ይጎተቱ ጀመር። አምበላችን ከሁለት ሰው መሐል ኳስ ስትነጥቅ የጨንቻ ሰዎች ጩኸት ጆሮ ይበጥስ ነበር። እኔ አጭር ነኝ፤ ግን ስገፋ የማልወድቅ ነኝ፣ ስወድቅም የማልተኛ። በሁለተኛው አጋማሽ የምናጠቃው ወደዚያ ጠባብ መረብ ነበር። ኳስ በመታው ቁጥር ያልተፈታው ቋጠሮ እየከረረ ሄደ፤ ኳሷም እየቆየች መውረድ ጀመረች። ማንም ልብ አላለውም።

በአንድ ነጥብ እየመሩን ጨዋታው ሊያልቅ ሆነ። አምበላችን ኳሷን ጣለችልኝ። ከፊቴ ያለችው ልጅ እጇን ዘረጋች፤ በክርኗም ጎኔን አገኘችኝ። ጥርሴን ነክሼ ወረወርኩ። ኳሷ ገባች፤ የመጨረሻው ፊሽካም ተነፋ።

ኳሷ አልወረደችም። መረቡ ውስጥ ቁጭ አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ቀለበቱ አንጋጠጠ። ከዚያ የእንግዶቹ አሰልጣኝ «አልወረደችም! አልተቆጠረችም!» እያለ ወደ ኮሚሽነሩ ሮጠ፤ ተጫዋቾቹም ተከተሉት። የእኛ ሰው ገፍቶ መጣ። ሕዝቡ መስመሩን ካለፈ እንደምንቀጣ ቲቸር ነግሮናል፤ ከሊግ ለማስወጣት ይኸው ምክንያት ይበቃቸው ነበር። አምበላችን እጆቿን ዘርግታ የሀገሯን ሰዎች በጋሞኛ ጮኸችባቸው፤ ቆሙ። ዞር ብላም ሜዳው መሐል ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኛም አጠገቧ ተቀመጥን። ሲሚንቶው ጭናችንን ይፈጃል፤ አንዳችንም አልተነሣንም። ዓመቱን ሙሉ ሂዱ ስንባል ሄደናል፤ ከዚያች መሬት ግን ተሸክመው ካላወጡን በቀር አንሄድም ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ በቁጣ ነው ያለቀስኩት።

ኮሚሽነሩ ከቀለበቱ ሥር ሄደው ቆሙ። ወደ ላይ አዩ፤ ቆይተው አዩ። እውነቱን ለመናገር የፈራኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አይነበብም።

«ከላይ ገብታለች?» ብለው ዳኛውን ጠየቁ።

«ገብታለች።»

«ከፊሽካው በፊት?»

«በፊት።»

«አሁን የት ነች?»

ዳኛው አፈረ። «ውስጥ ነች» አለ።

«ደንቡ ገብታ ውስጥ የቀረች ኳስ ትቆጠራለች ይላል» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ተቆጥራለች። ባለሜዳዎቹ አሸንፈዋል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አላስታውስም። አንድ ሰው አቅፎ አነሣኝ፤ ቲቸር ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣ ያለቅስ ነበር፤ አምበላችን ተሸካሚ አጥታ እኛኑ ተሸከመችን። የማስታውሰው አባቴን ነው። በሕዝቡ መሐል አልፎ መጣና መረቡን አንጋጦ አየው። ያቺን የቆዳ ኳስ እንደ ትልቅ አምባዛ ዓሣ መረመራት።

«ያዝሽ» አለኝ በጋሞኛ።

 ዓመቱን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ያ ቃል ነበር።

ሰዉ መበተን ሲጀምር ኮሚሽነሩ ቦርሳቸውን ይዘው መጡና «በሉ ኳሷን አውርዱልኝ፤ መኪናው ሊሄድ ነው» አሉ። ቲቸር መሰላሉን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። አባቴ ግን ተመልሶ ተቀምጦበት ነበር።

«አንተ ራስህ ቀርታለች ብለሃል» አላቸው። «ትቅር።»

ኮሚሽነሩ አባቴን አዩ፤ ሜዳው መሐል የቆምነውን እኛን አዩ። ከዚያ ባዶ ቦርሳቸውን ዘጉና ወደ መኪናው ሄዱ።