ዜሮ ላይ ያቆምኳት ልጅ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ኮምቦልቻ፣ ካምፓሳችን ውስጥ፣ ገና ኮምፒውተር ክፍል ገብተን ከመቀመጣችን መብራት ድርግም አለ። ምን አዲስ ነገር አለው እንዳትሉኝ። አዲሱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

የፕሮግራሚንግ መምህራችን መብራት ጠፋ ብሎ የሚለቅ ሰው አይደለም። «ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ዛሬ እናንተ ትሠሩታላችሁ» አለና ጠመኔ አነሳ። የዚህ ሰሚስተር ቋንቋ ፈንክሽናል የሚሉት ዓይነት ነው። ፈንክሽኑ፣ ማለት ሒሳቡን የሚሠራው ትእዛዝ፣ ራሱን እየጠራ፣ እየጠራ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ መልሱ እየተባዛ ወደ ላይ ይመለሳል። ፈተና ላይ እያንዳንዷን እርምጃ በወረቀት ጻፉ እንባላለን። አንዷን መስመር ከዘለልክ ነጥብ የለም።

«የመጀመሪያው አንድ ለአምስት፣ ተነሱ!» አለ።

አንድ ለአምስት ምን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ... አንድ ጎበዝ ተብዬ መሪ፣ አምስት ተመሪ። የኛ ቡድን መሪ እኔ ነኝ፤ ማን እንደመረጠኝ እግዜር ይወቅ። ስድስት ሰው፣ ስድስት ቁጥር፣ ከ5 እስከ 0። ሥራው የ5ን ፋክቶሪያል፣ ማለት 5 × 4 × 3 × 2 × 1ን፣ ማውጣት ነው። 5 የተባለው ልጅ የ4ን መልስ ሳያገኝ ማባዛት አይችልም፤ 4 ደግሞ የ3ን ይጠብቃል... እንዲህ እያለ እስከ ታች። ዜሮ ብቻ ማንንም አይጠይቅም። «አንድ» ብሎ ይመልሳል፣ አለቀ።

ቁጥር የማደሉ ሥልጣን የኔ ነበር። ለራሴ 1ን ወሰድኩ፤ በአንድ ማባዛት ማንን ገደለ? ዜሮን ለዘሐራ ሰጠኋት።

ዘሐራ የቢስቲማ ልጅ ናት። ባለፈው ሰሚስተር ካልኩለስ ላይ ኤፍ መጥቶባት ድጋሚ ተፈትናለች፤ ውጤቱን እየጠበቀች ነበር። ካለፈች ትቀጥላለች፣ ከወደቀች ዲስሚስ... ወደ ቤት። አባቷ በደወሉ ቁጥር «ኢንጂነሬ» ነው የሚሏት። ሰው ፊት እንዳትሸማቀቅ ቀላሉን ልስጣት ብዬ ነው።

«ለደካማ ዜሮ ነው አይደል?» አለችኝ እየሳቀች።

«ኧረ ወላሂ አይደለም!» አልኳት። እኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያደግኩ ክርስቲያን ነኝ፤ ወላሂ ግን እኛ አገር የሁላችንም መሐላ ነው።

መምህሩ አራራቀን። 5 ጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ 4 በሩ ላይ፣ የቀረነው ኮሪደሩን ተከትለን። ዘሐራ ኮሪደሩ ጫፍ ደረሰች፣ ሬጅስትራር ማስታወቂያ የሚለጥፍበት ጋ።

«ከታች ያለው መልስ ሳያመጣለት አፉን የሚከፍት እንዳይኖር!» ብሎ መምህሩ ጮኸ።

ወረቀቱ ጉዞ ጀመረ። 5 × የ4 መልስ። ቀጥሎ 5 × (4 × የ3 መልስ)። እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር እየጨመረ፣ ቅንፉ እየበዛ እኔ ጋ ደረሰ። መስመሬን ጽፌ ወደ ዘሐራ ሮጥኩ።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ማስታወቂያ ታነባለች። ጠዋት ስንገባ ያልነበረ ወረቀት ተለጥፏል።

«ዘሐራ፣ ተራሽ ነው።»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገች አልዞረችም።

«ኧረ ፍጠኚ፣ ሰው ቆሟልኮ!» አልኩ ተቆጥቼ። ክፍሉ ሁሉ በበር አንገቱን አስግጎ እያየን ነበር፤ እንዳላፍር ነው የፈራሁት።

ዞረች። እስክሪብቶውን ተቀብላኝ 1 ብላ ጻፈች። «አንድ» አለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ሰምቻለሁ... አልሰማሁም ብል ውሸታም ነኝ። ግን የምፈልገውን መልስ አግኝቻለሁ፤ ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ።

አንድ... ሁለት... ስድስት... ሃያ አራት... መቶ ሃያ! ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። «አያችሁ? ኮምፒውተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው!» አለ መምህሩ ፊቱ በርቶ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

ዞር ስል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ማንም የለም።

ሄጄ ማስታወቂያውን አነበብኩ። የተሰናበቱ ተማሪዎች ዝርዝር ነው። የዘሐራ ስም ሦስተኛው ላይ ነበር።

ዶርሟ ብጠይቅ «ልብሷን ይዛ ወጣች» አሉኝ። መናኸሪያ ስደርስ የደሴ ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ምነው ዘሐራ! እዚያው ፊትሽ ቆሜ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«መልሱን ነዋ የጠየቅከኝ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አምስት ሰው በኔ ምክንያት ተገትሮ... ምን ልበል? አንድ አልኩህ።»

«ለአባትሽ ደወልሽ?»

«በስልክ እንዴት ይባላል? ቤት ስገባ ፊቴን ሲያዩ ይገባቸዋል።»

እንባዬን ስታይ ይባስ ብላ እሷው «አብሽር... አላህ ያለው ነው» ብላ አጽናናችኝ። ሚኒባሱ ሞላና ሄደ።

አርብ ደግሞ የአንድ ለአምስት ሳምንታዊ ሪፖርት ማስገቢያ ነው። ፎርሙ ላይ «ደካማ አባላትን ለመደገፍ የተሠራ ሥራ» የሚል ቦታ አለ። ዘሐራ ካልኩለስ አስጠናኝ ብላ ሁለት ጊዜ ለምናኝ ሁለቴም «ነገ» ብያታለሁ። እንደ ሁልጊዜው «በጋራ አጥንተናል» ብዬ ሞላሁ። አራቱ ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ።

የአንድ ለአምስቶቹ አስተባባሪ ፊርማውን ቆጥሮ ፎርሙን መለሰልኝ። «ስድስት ፊርማ ካልሆነ አልቀበልም።»

«አንዷ ተባርራለች» አልኩት።

«እሱ የሬጅስትራር ጉዳይ ነው፤ ቡድኑ ስድስት ነው» አለኝ።

በር ላይ ቆሜ የዘሐራን ፊርማ ፈረምኩ። የሷን እንዲመስል መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ላይ ሦስቴ ተለማመድኩ... ለካልኩለሷ ይህን ያህል ደክሜላት ቢሆን፣ ዛሬ ራሷ በፈረመች ነበር።